ከክንድ እስከ ኮምፒዩተር፦ የፍሰት ልኬት ታሪክና የመንዝ ውሃዎች



አንድ የታሪክ መምህር ስለ መለኪያ መሣሪያ ለመናገር ምን አገባው የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ እንደሚነሣ እገምታለሁ። እህል ተሰፍሮ ጎተራ ይገባል፤ የተጠራጠረ ሰው ከጎተራው አውጥቶ ደግሞ ይሰፍረዋል። የሚፈስ ነገር ግን የሚለካው ሲያልፍ ነው። ካለፈ በኋላ የሚቀረው መዝጋቢው የጻፈው ቁጥር ነውና፣ የታሪክ ሰው ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ መጠየቅ ይገባዋል።

ከዛሬው መሣሪያ ልጀምር። በነዳጅ ማከማቻዎችና በቧንቧ መስመሮች ላይ የሚሠራው የፍሰት ኮምፒዩተር ፈሳሹን ራሱ አይነካም። በአንደኛው ዓይነት አሠራር ፈሳሹ ሲያልፍ በቧንቧው ውስጥ የተገጠመውን ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ እያንዳንዱ ክንፍ በማግኔታዊ ጠቋሚው ሥር ባለፈ ቁጥር አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይላካል። ኮምፒዩተሩ ምቶቹን ይቆጥርና፣ ለአንድ ሊትር ስንት ምት እንደሚመጣ አስቀድሞ በፍተሻ በታወቀው ቁጥር ያካፍላል። ለአንድ ሊትር 10 ምት ከሆነ 400,000 ምት 40,000 ሊትር ማለት ነው። ቀጥሎ የሙቀቱንና የግፊቱን ንባብ ተቀብሎ መጠኑን ወደ አንድ የጋራ ሙቀት፣ በብዙ አገሮች ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ይመልሰዋል። በመጨረሻ የሰዓቱንና የዕለቱን ድምር፣ እንዲሁም የስሌቱ ቋሚ ቁጥሮች መቼ እንደተለወጡ መዝግቦ ሪፖርት ያወጣል።

የሙቀቱ ስሌት ትርፍ ነገር አይደለም። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ቅዝቃዜ ከ10,000 ሊትር 8 ሊትር ያህል ይኮማተራል። ጅቡቲ ላይ በ35 ዲግሪ 40,000 ሊትር የጫነ ቦቴ ደጋ ደርሶ ነዳጁ ወደ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አንዲት ጠብታ ሳትፈስ 640 ሊትር ያህል ይጎድላል። በሰነዱ ላይ ሙቀት ካልተጻፈ ሾፌሩ በሌብነት ይጠረጠራል።

እንግዲህ ሥራው ሦስት ነው፤ ምልክት መቀበል፣ ምልክቱን በታወቀ ቁጥር ወደ መጠን መለወጥ፣ ደምሮ ማሳወቅ። እነዚህ ሦስቱ ከኤሌክትሪክ ዘመን በፊትም ነበሩ። በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 በአባሲዱ ኸሊፋ በአል ሙተወኪል ዘመን የተሠራው መለኪያ ምሰሶ የዓባይን ከፍታ በክንድ ያሳይ ነበር። ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ መሬቱ ጠጥቷል፣ ግብሩም ይከፈላል ይባል ነበር። ምሰሶው የሚያሳየው ከፍታን ብቻ ቢሆንም፣ ቁጥሩ ወደ ግብር መዝገብ ሲገባ ገንዘብ ሆነ።

ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ቁጥሩ የመብት ጥያቄ ሆነ። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ሲዋዋሉ መነሻቸው በአስዋን ሲለካ የቆየው የወንዙ አማካይ ዓመታዊ ፍሰት፣ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነበር። 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ቀሪው 10 ለትነትና ለስርገት ተመደበ። ከዚያ ውሃ የሚበዛው የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ አልነበረችም። እኔ እንደማየው የውሉ ጉልበት ፊርማው ብቻ አልነበረም፤ በእጃቸው የረጅም ዓመታት መዝገብ ነበር፣ በእኛ እጅ ግን የሚስተካከለው አልነበረም።

ይህን ጉድለት መሙላት የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 ባካሄደው ጥናት በዓባይ ተፋሰስ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ ለግድብ የሚሆኑ ሥፍራዎችም ተመረጡ። ከእነዚህ አንዱ፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለው፣ የዛሬው የሕዳሴ ግድብ የቆመበት አካባቢ ነው።

አሁን ወደ መንዝ ልመለስ። በሐምሌ በዘመሮ ዙሪያ የሚዘንበው ዝናብ በየሸለቆው ወርዶ በመጨረሻ ከጀማ ይገናኛል። ጀማም መንዝንና መርሐ ቤቴን አጥቦ ዓባይን ይቀላቀላል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ በከሴ ድልድይ ላይ ሲለካ የመንዝ ውሃ ከወሎና ከጎጃም ውሃ ጋር አንድ ቁጥር ሆኗል። ለብቻው የሚነበበው እንደ ለሚው የጀማ ጣቢያ ባሉ ጥቂት ሥፍራዎች ነው።

በእንዲህ ያለ ጣቢያ የፍሰት ኮምፒዩተሩ ሰው ነበር። የአካባቢው ነዋሪ የሆነ አንባቢ ጠዋት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ወደ ወንዙ ወርዶ፣ በዳር ከተተከለው ባለ ቁጥር ሰሌዳ ላይ የውሃውን ከፍታ በደብተር ይጽፋል። ባለሙያዎች ደግሞ አልፎ አልፎ መጥተው ወንዙን በአግድም ከፋፍለው በየክፍሉ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን ይለካሉ። ከዚህ ይህን ያህል ከፍታ ይህን ያህል ፍሰት ነው የሚል ማዛመጃ ይወጣል። ከአንባቢው የሚመጣው ሜትር ነው፤ ሜትር ኩብ በሰከንድ የሚሆነው ቢሮ ውስጥ፣ በማዛመጃው ነው።

የቧንቧ ግድግዳ ግን አይንቀሳቀስም፤ የጀማ ወለል ይንቀሳቀሳል። አንድ ደራሽ አሸዋና ድንጋይ አምጥቶ ወለሉን ከፍ ካደረገው፣ ሰሌዳው ላይ ያው ቁጥር ቢነበብም ያለፈው ውሃ ያነሰ ነው፤ ወለሉ ከተቦረቦረ ግልባጩ ይሆናል። ደራሹ በእኩለ ሌሊት መጥቶ ከንጋት በፊት ከጎደለ ደግሞ ደብተሩ አያውቀውም። ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ግን ያንን የሌሊቱን ደራሽ ነው! ሳያቋርጥ የሚመዘግብ የግፊት ወይም የራዳር ጠቋሚ ይህን ሁለተኛውን ችግር ይፈታል። የመጀመሪያውን አይፈታም፤ ከፍታውን ቢያነብም ማዛመጃውን ለማደስ ወንዙ ውስጥ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ የአንድ ዓመት የፍሰት ቁጥር ሲቀርብልኝ በቅድሚያ የምጠይቀው በየትኛው ማዛመጃ እንደተሰላ ነው። የነዳጁ ኮምፒዩተር ቋሚ ቁጥሩ ሲለወጥ ቀኑን ይጽፋል። በወንዙ በኩል ይህን ለማወቅ የልኬት ቅጾቹንና የአንባቢዎቹን ደብተሮች ጎን ለጎን ማየት ግድ ነው። ማዛመጃው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በደብተሩ ላይ ያለው ከፍታ በአዲስ ማዛመጃ እንደገና ሊሰላ ይችላልና፣ የመመረቂያ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከእነዚያ ደብተሮች እንድትጀምሩ እመክራለሁ።

ጥያቄ ካላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።