ከአንዱ ኪኒን ወደ ሌላው

መርካቶ ውለን የምንገባ ሴቶች የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የምንለውጠው ብዙ ጊዜ ሐኪም አዞን አይደለም። የለመድነው ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ፣ ወይም የጎረቤት ሱቅ ጓደኛችን «የኔ ይሻላል» ስትለን ነው።

ኪኒኑ ራሱ ሲለዋወጥ የመጣ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ለእርግዝና መከላከያነት የፈቀደችው ኢኖቪድ በአንድ ፍሬ 10 ሚሊ ግራም ፕሮጀስቲንና 0.15 ሚሊ ግራም ኢስትሮጅን ነበረው። ብዙ ነው! የደም መርጋት ችግር ሲታይ፣ በ1969 መጨረሻ የእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ኢስትሮጅኑ ከ0.05 ያልበለጠው እንዲታዘዝ መከረ። ዛሬ በጤና ጣቢያ የምናገኘው ማይክሮጋይኖን ያለው 0.03 ብቻ ነው፤ በሚዛን የኢኖቪድ አንድ አምስተኛ።

በአገራችን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም ክልከላው ገና አልተነሣም፤ ይነሣ ያለው በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ ነው። በግልጽ የማይነገር ነገር በጆሮ ለጆሮ ይሄዳል። እስከ ዛሬ ከፓኬቱ ጽሑፍ ይልቅ የጓደኛን ወሬ የምናምነው ከዚያ የቀረ ልማድ ይመስለናል። ጓደኛችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪኒን ተጠቃሚ አይደለችም። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች መርፌ የሚወስዱት 23 በመቶ፣ ኪኒን የሚውጡት 2 በመቶ ነበሩ።

ሒሳብ ሠራተኛ የዕቃውን ስም ብቻ አይታ ደረሰኝ አትመዘግብም፤ መጠኑን ታያለች። ኪኒንም እንዲሁ ነው። ስሙና ቀለሙ የተለያየ ሁለት ፓኬት ውስጡ አንድ ዓይነት ሆርሞን፣ በአንድ ዓይነት መጠን ሊኖረው ይችላል። «አልተስማማኝም» ብለን ለውጠን ያንኑ መልሰን ልንውጥ እንችላለን።

ስንለውጥ የወር አበባ መጠበቅ የለብንም። 21ዱ ባለሆርሞን ፍሬዎች ባለቁ ማግሥት አዲሱን ከመጀመሪያው ባለሆርሞን ፍሬ እንጀምራለን። ቡናማዎቹ 7 ፍሬዎች የብረት ማዕድን ናቸው እንጂ እርግዝና አይከላከሉም። «ሰውነቴ ይረፍ» ተብሎ ያለ ሆርሞን የሚታለፈው ቀን ከ7 ሲበልጥ እርግዝና ሊመጣ ይችላል።

የደም ግፊት ያለባት፣ ወይም ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ከባድ ራስ ምታት የሚይዛት ግን ከአንዱ ጥምር ኪኒን ወደ ሌላው ብትሄድ ኢስትሮጅኑ አብሯት ይሄዳል። እሷ ፓኬቷን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ኢስትሮጅን የሌለው መከላከያም አለ።