የዳኛው ጉርሻ ባምባሲ ደረሰ

ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ወደ አሶሳ የሚጓዝ ሰው ባምባሲ ሲደርስ የቀረው አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔም አንድ የሐምሌ ጠዋት እዚያ የቆምኩት ፈልጌ አልነበረም፤ የአውቶቡሳችን ጎማ ተነፈሰ። ዝናቡ ሲያባራ ከመንገዱ ዳር፣ በላስቲክ ዳስ ሥር አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጎድጓዳ ድስት ከሰል ላይ ጥደው አየሁ። አረንጓዴ ነገር ሊጥ ውስጥ እየነከሩ ዘይት ውስጥ ይጨምራሉ፤ ዘይቱ ይንጫጫል። ቀረብ ብዬ ሳየው ባሚያ ነው።

«እማማ፣ ባሚያ ደግሞ ይጠበሳል እንዴ?»

«ምነው ልጄ፣ ዘይት የሚጠላው ውሃን ብቻ ነው!» አሉኝና ሦስት ፍሬ በጋዜጣ ቁራጭ ላይ አድርገው ሰጡኝ።

ባሚያ በወጥ ውስጥ ሲዝለገለግ እንጂ እንደ ቆሎ ሲንኮሻኮሽ በልቼ አላውቅም ነበር። ሊጡ የሽምብራ ዱቄት ነው፤ ጨውና ሚጥሚጣ ገብቶበታል። ጎማው ተቀይሮ ረዳቱ እስኪጮህ ድረስ በላሁ። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ በኋላ በመጣ ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ እኛ አገር በዘይት አጥልቆ መጥበስ መቼ ተጀመረ? ባምባሲስ ማን አደረሰው?

አንባቢ እስቲ አንድ ነገር ይታዘብልኝ። ወጥ ቤታችን በቃላት ድሃ አይደለም። እንቆላለን፣ እናቁላላለን፣ እናንተከትካለን፣ እንጋግራለን፣ እናምሳለን፣ እንቀቅላለን። ዘይት ውስጥ ጨርሶ አስጥሞ ለማብሰል ግን የራሱ ግስ የለንም። ሥጋ በብረት ምጣድም ይጠበስ፣ በፍም ላይም ይጠበስ፣ ድንች ዘይት ውስጥም ይዋኝ፣ ሁሉም «ጥብስ» ነው። በዚህ ላይ በዘይት የሚጠበሱትን ነገሮች ስማቸውን ብንጠራ አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ብስኩት፣ ችፕስ፤ በድሬዳዋ በኩል ደግሞ ባጊያና ሙሸበክ። ስም ከነምግቡ የሚገባው ምግቡ ቀድሞ በቤት ሳይኖር ሲቀር ነው።

ምክንያቱ የዘይት ቅባኑግ እጥረት ብቻ አይመስለኝም። ኑግ የዚህችው አገር እህል ነው፤ እዚሁ ተላመደ። በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ቀናት በላይ ከቅቤና ከሥጋ የሚከለክል ጾም ያለው ሕዝብ ደግሞ ያለ ቅባት እህል ሊኖር አይችልም። ግን የጥንቷ እመቤት ዘይቱን እንዴት ታገኘው እንደነበር እናስብ። ኑጉን ታምሳለች፣ በሙቀጫ ትወቅጣለች፣ የፈላ ውሃ እያፈሰሰች ታሻለች፤ በመጨረሻ ከላይ የሚንሳፈፈውን በጥንቃቄ ትቀዳለች። የኑግ ፍሬ ከክብደቱ አርባ በመቶ ያህሉ ዘይት ቢሆንም በእጅ የሚወጣው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። እንዲህ ተለፍቶበት የተገኘ ዘይት በማንኪያ ወጥ ላይ ጠብ ይደረጋል እንጂ በሊትር ድስት ውስጥ ተደፍቶ ሊጥ አይዋኝበትም። ማገዶውም አለ። ዘይትን እስከ 170 እና 180 ዲግሪ አግሎ እዚያው ማቆየት በሦስት ጉልቻ ላይ ቀላል ሥራ አይደለም።

ስለዚህ አጥልቆ መጥበስ በዓለም ላይ የከተማና የገበያ ጥበብ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ሳምቡሳን እንውሰድ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዴልሂን የጎበኘው ኢብን ባቱታ በሡልጣኑ ማዕድ ላይ የተከተፈ ሥጋ ከለውዝና ከቅመም ጋር በስስ ሊጥ ተጠቅልሎና በቅቤ ተጠብሶ ይቀርብ እንደነበር ጽፏል። ያ የቤተ መንግሥት ምግብ ከፋርስና ከዓረብ አገሮች ተነሥቶ በነጋዴ እጅ እኛ ዘንድ ሲደርስ የመንገድ ዳር ሆነ። እዚህ ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር ገጠመው፤ ሥጋው ወጥቶ ምስር ገባና የጾም ምግብ ሆነ። የሮመዳን ማፍጠሪያ የነበረው ሳምቡሳ የሁዳዴ መቆያም ሆነ ማለት ነው። ቦምቦሊኖ ጣሊያኖች ቦምቦሎኔ ከሚሉት የመጣ ነው፤ የአምስቱን ዓመት ወረራ አሻራ በጥይት ቀዳዳ ብቻ የሚፈልግ ሰው ጠዋት ጠዋት ሻይ ቤት ጎራ ይበል።

ወደ ባምባሲ ልመለስ። የባምባሲን ድስት ለመረዳት ወደ ሸዋ ሳይሆን ወደ ሱዳን መመልከት ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ተጓዦች ደጋግመው የሚጠቅሱት ፈዳሲ የሚባል ገበያ በዚሁ በባምባሲ አካባቢ ነበር። የወለጋ ኦሮሞ ከደጋው፣ «ጀላባ» የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች ከቆላው መጥተው የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጨው፣ ቡና፣ ወርቅ፣ ጨርቅ፣ አዎ ባሪያም ይሸጥበት ነበር። ሆላንዳዊው ተጓዥ ኽዋን ማሪያ ስኹቨር በ1881 እ.ኤ.አ. በዚያ አልፏል። ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለዚሁ አገር በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ጨውንና ወርቅን ጎን ለጎን ያኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤኒሻንጉል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1890 ዓ.ም. ተይዞ፣ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ድንበሩ ተሰመረ። ድንበሩ በካርታ ላይ ይሰመር እንጂ በኩርሙክ በኩል የሚመላለሰው ሰው፣ ቋንቋና ጣዕም አልቆመም።

ከሱዳን በኩል የመጣው ደግሞ የሰሊጥ አገር ባህል ነው። በግመል እየዞረ ሰሊጥ የሚጨምቀው የእንጨት መጭመቂያ፣ እነሱ «ዓሳራ» የሚሉት፣ ለሱዳን ከተሞች ዘይትን በብዛት አቅርቧል። ዘይት ሲበዛ መጥበስ ይመጣል። የሱዳን ሰው ጠዋት ከወተት ሻይ ጋር የሚበላው «ዘላቢያ» ወይም «ለቂማት» የሚባለው ነገር እርሾ የገባበት የስንዴ ሊጥ ነው፤ በጣት እየተቆነጠረ ዘይት ውስጥ ይጣላል፣ ክብ ሆኖ ያብጣል፣ ስኳር ይነሰነስበታል። ለቂማት ማለት «ትንንሽ ጉርሻዎች» ማለት ነው። አያቱ ሩቅ ነው፤ በ1226 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ በተጻፈው የአል ባግዳዲ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ «የዳኛው ጉርሻ» በሚል ስም ይገኛል። ዳኛው ማን እንደሆነ መጽሐፉ አይነግረንም፤ ሆዳም እንደነበረ ግን ጉርሻው ይመሰክርበታል።

የዳኛው ጉርሻ ወደ ባምባሲ የገባው በጀላባ ቅል ይሁን በኋላ ዘመን በመጣ ሻይ አፍይ፣ እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። የበርታ ሕዝብ ቋንቋው በዓረብኛ ቃላት የተሞላው፣ ማታ ማታ በገንፎው ላይ የባሚያ ወጥ የሚያፈሰው ከዚያ ጉርብትና የተነሣ ነው። ባሚያን በርታዎች «ቀንቀሴ» ይሉታል። ለእነሱ አትክልት ብቻ አይደለም፤ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ከዝናብ እስከ ዝናብ የሚያሻግር ስንቅ ነው።

ድስት ጣጂዋ እማማ ግን በርታ አይደሉም፤ የወሎ ሰው ናቸው። በ1977 ድርቅ ጊዜ ገና በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሶሳ ሠፈራ ከመጡት አንዷ ናቸው። ያ የሠፈራ ዘመቻ በአገሪቱ ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሏል፤ ብዙዎቹ በወባና በበሽታ አልቀዋል። ስለ ምግብ ስንጫወት እማማ የነገሩኝን እንዳለ ላስቀምጠው፤ «ዘይት በቆርቆሮ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ጠላችው። ሽታው ቅቤ አይደለም፣ ኑግ አይደለም፣ አለች። ቆርቆሮውን ግን እስክትሞት ይዛው ኖረች፤ ውሃ ቀዳችበት፣ እህል ሰፈረችበት።»

ልጅቱ እናቷ የጠላችውን ዘይት ሥራዋ አደረገችው። መጥበስን የተማሩት ከሱዳናውያን ነው። በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሸሽቶ ለመጣው ሕዝብ ባምባሲ አጠገብ የስደተኞች ሠፈር ተከፈተ። ራሽኑ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ጨውና ዘይት ነው። አንዲት ስደተኛ ሴት ከድርሻዋ የቆጠበችውን ዘይት በድስት አድርጋ ዘላቢያና፣ ከሽምብራ የሚሠራውን «ጠዕሚያ» መሸጥ ጀመረች፤ እማማ ከሰል አቀረቡላት፣ ከዚያ ሸሪክ ሆኑ። ባሚያውን ወደ ጠዕሚያው ሊጥ የከተተው ማን እንደሆነ ሁለቱም እኔ ነኝ ይላሉ አሉ።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የእርዳታ እህል ሲቋረጥ ስደተኞችም ተቋረጠባቸው፤ ለእነሱ የተመለሰው በ2016 መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ወራት ዳሱ ባዶ ነበር። ሸሪካቸው ዘይት ስታጣ እማማም ከገበያ መግዛት አልቻሉም፤ ከዚያ አስቀድሞ በ2014 አምስት ሊትር ዘይት ከአንድ ሺህ ብር በላይ የወጣበት ጊዜ እንደነበር የከተማ አንባቢ አይረሳውም። የድስት ሥራ እንዲህ ነው፤ ሊጡ ርካሽ፣ ዘይቱ ውድ።

አሁን ወደ ቤታችን ድስት እንግባ፤ መሞከር የሚፈልግ አይጠፋምና። «ዘይት የሚጠላው ውሃን ብቻ ነው» ያሉት እማማ ሳይንሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። የሚጠበስ ነገር ሁሉ የሚበስለው በውስጡ ያለው ውሃ በእንፋሎት ሲወጣ ነው፤ የምንሰማው ጩኸት የእሱ ነው። ጩኸቱ ሲቀንስ ውሃው እያለቀ ነው፣ አውጡት። ባሚያው ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ፊት ላይ ይፈነጥቃል፣ ዝልግልጉም አይጠፋም። የግለቱ መለኪያ ቁራጭ ሽንኩርት ነው፤ ሲጣል ወዲያው በአረፋ ተከብቦ ከተንሳፈፈ በቂ ነው። የዱባ አበባ በዚሁ ሊጥ ግሩም ይሆናል። ድርቆሽ እንጀራም ሞክሬ ወድጄዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ቋንጣ ሞክሬ ግን ጥርሴን ልሰብር ነበር።

ከሁሉ የአካባቢው ልዩ የሆነው የቀርከሃ ቡቃያ ነው። የኢትዮጵያ የቆላ ቀርከሃ ትልቁ ድርሻ ያለው በዚሁ ክልል ሲሆን፣ ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለውን ለጋ ቡቃያ ጉሙዝም በርታም ይበላዋል። ነገር ግን በጥሬው አይሆንም፤ መራራነቱ የመርዝ ምልክት ነው፣ ሳያናይድ የሚፈጥር ነገር በውስጡ አለ። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ፣ ውሃው ከተደፋ በኋላ ነው ወደ ሊጡና ወደ ዘይቱ የሚሄደው። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው እኔን እንዳይወቅስ።

ዘይቱንስ? እዚህ ላይ የአገር ፍቅሬ ይፈተናል። ኑግ ለወጥ የሚስተካከለው የለም፤ ለድስት ግን ደካማ ነው፤ ቅባቱ ቶሎ ከአየር ጋር ይዋሐዳል፣ ደጋግሞ ሲጋል ይበላሻል። ሰሊጥ ከተፈጥሮው የሚጠብቀው ነገር ስላለ የተሻለ ይቆያል። ከባሕር ማዶ የሚመጣውና ሁላችንም የምናማው የፓልም ዘይት ደግሞ፣ ለልብ ጥሩ ስም ባይኖረውም፣ ግለትን ይችላል።

ለእማማ ይህን ሳጫውታቸው ሳቁ። ድስቱን ከከሰሉ አውርደው፣ ዘይቱ በረድ ሲል በነጠላ ጨርቅ አጥለው ወደ ጠርሙስ መለሱት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፤ ጠቁሯል። «ነገ ለባሚያ ይሆናል፤ ለዘላቢያ ግን አይሆንም፣ እሱ ንጹሕ ይወዳል» አሉኝና፣ ክዳኑን አጥብቀው ከሊጡ ጎን አኖሩት።