ብልቃጥ ስታጥቡ ታሪክ እንዳታጥቡ

በየቤተሰባችን ጓዳ አንድ ሁለት አሮጌ የመድኃኒት ብልቃጥ አይጠፋም፡፡ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ብልቃጡ ሥራ አይፈታም፤ ክር ይገባለትና ኩራዝ ይሆናል፣ ጠበል ይቀዳበታል፣ ቅባት ይቀመጥበታል፡፡ እኛ ወጣቶች ደግሞ ለበዓል አገር ቤት ስንሄድ «ይሄ እኮ አንቲክ ነው፤ ስንት ያወጣል?» እንላለን፡፡ ለመመለስ መጀመሪያ ብልቃጡን ማንበብ ያስፈልጋል፡፡ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ፡፡)

እስቲ ገልብጡት፡፡ ቂጡ ላይ ሸካራ ጠባሳ ካለ፣ በአፍ የሚነፋው ሠራተኛ ብልቃጡን የያዘበት ብረት ሲላቀቅ የቀረ ምልክት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1860ዎቹ በፊት መሠራቱን ይነግራችኋል፡፡ ቀጥሎ ጎኑ ላይ ያለውን የመጋጠሚያ መስመር በጣታችሁ ተከተሉ፡፡ አንገቱ ላይ ከቆመ አፉን ያበጀው የሰው እጅ ነው፡፡ እስከ ከንፈሩ ከዘለቀ ግን የማሽን ሥራ ነው፤ አሜሪካዊው ማይክል ኦውንስ አውቶማቲክ ማሽኑን የሠራው በ1903 ነውና ከዚያ ወዲህ ማለት ነው፡፡ በላስቲክና በአሉሚኒየም የታሸገችው የፔኒሲሊን ብልቃጥማ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተስፋፋች ናት፡፡

ቀለሙም ያወራል፡፡ ቡናማው መድኃኒቱን ከብርሃን ይከላከላል፡፡ በአውሮፓ የመርዝ ብልቃጦችን ጎን ሸንተረር ያደርጉት ነበር፤ በጨለማ የሚዳብስ ሰው እንዳይሳሳት፡፡

ወደ ዋጋው እንምጣ፡፡ ባዶ ቡናማ ብልቃጥ ዓለም ላይ ሞልቷል፤ ርካሽ ነው፡፡ ዋጋ የሚጨምሩለት መስታወቱ ላይ የወጣ የፋርማሲና የከተማ ስም፣ ያልተሸረፈ ከንፈር፣ የራሱ ክዳንና ያልተላጠ ወረቀት ናቸው፡፡ ከሁሉም በላይ ግን ከየት እንደመጣ መታወቁ፡፡

አዲስ ቅዳምን አስቡ፡፡ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ አውራ ጎዳናው ላይ ናት፡፡ ዳንግላ ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዙ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን መቀመጫ ነበረች፡፡ ቀጥሎ የጣሊያን ጦር ሰፈረባት፤ ለቅቆ የወጣው በ1941 ነው፡፡ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ በ1910 ፋርማሲ ከፍቶ ነበር፡፡ እንግዲህ በዚያ መንገድ ዳር ባለ ቤት ሚላኖ ወይም ለንደን የሚል ብልቃጥ ብታገኙ፣ «ማን አመጣው? ማን ታከመበት?» የሚለው ጥያቄ ከገንዘቡ ይበልጣል፡፡

መድኃኒት የሄደው ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፡፡ በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶአችን ጽፏል፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር፤ በ1864ቱ የብሪታንያ የመድኃኒት መጽሐፍም ገብቷል፡፡ «ኮሶ» ተብሎ የተጻፈባቸውን የዚያን ዘመን ዕቃዎች እዚያ ሰብሳቢዎች ከነጽሑፋቸው ያስቀምጣሉ፡፡ እኛ ግን ወረቀቱን በሙቅ ውኃ ፍቀን እናነሳለን!

ስለዚህ ወዳጄ፣ ወረቀቱን አትላጥ፡፡ ውስጡ ፈሳሽ ወይም ዱቄት ካለ አትክፈት፡፡ ፎቶ አንሳው፣ የማን እንደነበር፣ በየትኛው ቀበሌ እንደተገኘ ጽፈህ ያዝ፡፡ ብልቃጡን ቆራሌውም ይገዛዋል፤ ታሪኩን የምታገኘው ግን እማማን ቁጭ ብለህ ስትጠይቅ ነው፡፡