የእትብት ደም ልገሳና የአዋላጅ ነርሶች ድርሻ

የእትብት ደም ማለት ሕፃን ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም ነው። ይህ ደም የደም ሕዋሳትን በሚያመነጩ ግንደ ሕዋሳት የበለጸገ በመሆኑ የደም ካንሰርን ጨምሮ ለልዩ ልዩ የደም በሽታዎች ሕክምና ይውላል።

በእትብት ደም የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1988 በፓሪስ፣ በዶክተር ኤልያን ግሉክማን መሪነት ነው። በዘር በሚተላለፍ የደም በሽታ የታመመ ልጅ አዲስ ከተወለደች እህቱ እትብት በተወሰደ ደም ታክሟል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በኒው ዮርክ የሕዝብ የእትብት ደም ባንክ ተቋቁሟል። በዚህ ዓይነቱ ባንክ የተለገሰ ደም ለሚስማማው ለማንኛውም ሕሙም ይሰጣል።

የሥራው ዋነኛ ኃላፊነት የአዋላጅ ነርሶች ነው። ነርሷ ምጥ ከመጠናቱ በፊት ለእናቲቱ ዓላማውን አስረድታ ፈቃዷን ትጠይቃለች። እትብቱ ከታሰረና ከተቆረጠ በኋላም አጽድታ በመርፌ ደሙን ወደ ከረጢት ታስገባለች። ተግባሩ ጥቂት ደቂቃዎች የሚወስድ ሲሆን በእናቲቱም ሆነ በሕፃኑ ላይ ሕመም አያስከትልም። ደሙ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል።

ይሁንና ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕፃኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እትብት ከአንድ ደቂቃ በፊት እንዳይታሰር ይመክራል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው ደም የደም ማነስን ይከላከላልና። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አመልክቷል። ስለሆነም ለልገሳ ሲባል እትብትን ቀድሞ ማሰር ተገቢ አይደለም።

የእትብት ደም ባንክ የላቀ ላቦራቶሪ፣ ፈጣን ማጓጓዣና የንቅለ ተከላ ማዕከል ይሻል። ቦንጋ በሚገኘው የገብረጻዲቅ ሻዎ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ እንደ ደካ ባሉ የካፋ ዞን አካባቢዎች ግን አዋላጅ ነርሶች ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ሊፈጽሙት የሚችሉት እትብቱን በሰዓቱ ማሰርና ቤተሰብን ስለ መደበኛ የደም ልገሳ ማስተማር ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ለእናቶች ሞት ዐቢይ ምክንያት ሲሆን፣ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ የሚለግሰው ደም የወላድን ሕይወት ለመታደግ ይውላል።