መስማት የተሳናቸውን ትምህርትና የሕዝብ አስተያየት፤ ከፓሪስ እስከ ሚላኖ

መግቢያ

የመስማት ኃይል ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን፣ ድምፅን ሰምቶ ለመከተል ስለማይቻለው፣ እንደ እኩዮቹ በንግግር አፉን ሳይፈታ ያድጋል። ምላሱም ሆነ አእምሮው ጤነኛ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ አገሮች ሕዝቡ የአንደበትን ዝምታ ከአእምሮ ጉድለት ጋር ሲያያይዝ ኖሯል። በአማርኛም ‹‹ደንቆሮ›› የሚለው ቃል የማይሰማውንም የማያውቀውንም በአንድነት መጥራቱ፣ ‹‹ድንቁርና››ም ከዚያው መውጣቱ ለዚህ አስረጅ ነው። ይህ አስተያየት በአውሮፓ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ኋላም ለምን ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ መመርመር ለትምህርት ሥራ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. በሩ ለሕዝብ የተከፈተ ትምህርት ቤት

በ16ኛው ምእት ዓመት በስፔን አገር ፔድሮ ፖንሴ ደ ሌዎን የተባሉ መነኩሴ መስማት የተሳናቸውን የመኳንንት ልጆች ንባብ፣ ጽሕፈትና ንግግር አስተምረዋል። ሥራው ግን በገዳም ቅጥርና በጥቂት ቤተሰቦች ተወስኖ በመቅረቱ የሕዝቡን አስተያየት አልነካም።

ለውጡ የመጣው በፓሪስ ነው። ቄስ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ ከ1760 ገደማ ጀምሮ ሀብታምና ድኻ ሳይለዩ፣ ያለ ክፍያ በቤታቸው ማስተማር ጀመሩ። ዘዴያቸውም ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚግባቡበትን የእጅ ምልክት መነሻ በማድረግ፣ ለፈረንሳይኛ ሰዋስው የሚያስፈልገውን ምልክት እየጨመሩ ወደ ጽሕፈት ማሸጋገር ነበር። ከ1770ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ትምህርቱ በሕዝብ ፊት ይታይ ጀመር። ተማሪዎቹም በልዩ ልዩ ቋንቋ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ሲሰጡ ተመልካቹ ይደነቅ ነበር። በ1777 የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ ጐብኝተው በመደነቃቸው በ1779 በቪየና ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1791ም የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ የፓሪሱን ትምህርት ቤት በመንግሥት ሥር አደረገው።

ትርኢቱ ግን ጉድለት ነበረበት። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የሚጽፉት መምህሩ በምልክት የነገሯቸውን እንጂ ከራሳቸው ያፈለቁትን አልነበረም። ይልቁንስ የጠነከረው ምስክርነት ከሌላ በኩል መጣ። በልጅነታቸው በፈንጣጣ ምክንያት መስማት የተሳናቸው ፒዬር ደሎዥ የተባሉ የፓሪስ መጽሐፍ ጠራዥ በ1779 መጽሐፍ አሳትመው፣ በከተማዪቱ የሚኖሩ መሰሎቻቸው መምህር ሳያስተምራቸው ስለ ማናቸውም ጉዳይ በምልክት እንደሚወያዩ ገለጹ። ባለ ጉዳዩ ራሱ ለሕዝብ የተናገረበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው።

የፓሪሱ ትምህርት ፍሬ ባሕር ተሻገረ። መስማት የተሳናቸው መምህር ሎራን ክሌር ከአሜሪካዊው ቶማስ ጋሎዴት ጋር በመተባበር በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ለ. የሚላኖ ውሳኔ

በዚሁ ዘመን በጀርመን አገር በሳሙኤል ሃይኒከ የተስፋፋው ሌላ ዘዴ፣ ተማሪው የከንፈርን እንቅስቃሴ እያነበበ በአንደበቱ እንዲናገር ማልመድን ዋና ዓላማ አድርጎ ነበር። የሁለቱ ወገኖች ክርክር መቶ ዓመት ከቆየ በኋላ በመስከረም 1880 በሚላኖ ጉባኤ ተደረገ። ከ164ቱ ጉባኤተኞች አብዛኞቹ ኢጣሊያውያንና ፈረንሳውያን ሲሆኑ፣ መስማት የተሳናቸው አሜሪካዊው መምህር ጄምስ ዴኒሰን ብቻ ነበሩ። በጉባኤው ፊትም የኢጣሊያ ተማሪዎች ቀርበው በአንደበታቸው መልስ ሲሰጡ ታዩ። መልሱ አስቀድሞ የተጠና ሳይሆን አይቀርም ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ፤ ቢሆንም ንግግር ከምልክት እንደሚበልጥ በ160 ድምፅ በአራት ተቃውሞ ተወሰነ።

ከዚህም የተነሣ በብዙ አገሮች የእጅ ምልክት ከመማሪያ ክፍል ታገደ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራቸው ተወገዱ። ሕፃናቱ የዕውቀት መቅሰሚያ ጊዜያቸውን ድምፅ በማውጣት ልምምድ አሳለፉ። ቃል ለመጥራት ያልቻለውም እንደ ሰነፍ ተቆጠረ፤ በዚህም ሕዝቡ የተወው የቀድሞ አስተያየት እንደገና ሥር ሰደደ።

ሐ. የእርማት ዘመን

በ1960 አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ዊልያም ስቶኪ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን የሚያስረዳ ጥናት አሳተሙ። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ይህንኑ ተቀበለ። በ2010 በቫንኩቨር የተሰበሰበው የዘርፉ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሚላኖን ውሳኔ ውድቅ አድርጎ ላስከተለው ጉዳት መጸጸቱን ገለጸ። ውሳኔው ከተላለፈ 130 ዓመት ሆኖት ነበር። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ትምህርትን በዲግሪ ደረጃ የጀመረ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2010 አጽድቃለች።

መደምደሚያ

በፓሪስም ሆነ በሚላኖ ሕዝብን ለማሳመን ያገለገለው መሣሪያ አንድ ዓይነት፣ ይኸውም ተማሪን በተመልካች ፊት ማቅረብ ነበር። ልዩነቱ በፓሪስ እንደ ደሎዥ ያሉት ስለ ራሳቸው ለመመስከር ሲችሉ፣ በሚላኖ ግን ሌሎች ስለ እነርሱ መወሰናቸው ነው። እንግዲህ የመግባባት ችግር ስላለባቸው ወገኖች ሕዝብን ለማስገንዘብ የሚነሣ መምህርም ሆነ መሥሪያ ቤት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ባለ ጉዳዮቹ በሚችሉት ቋንቋ ቃላቸውን የሚያሰሙበትን ቦታ ማዘጋጀት እንደሚገባው ታሪኩ ያስተምራል።