የዱቡሻ ሰሚና የስልክ ሰሚ

በጋሞ ደጋ የሕዝብ ጉዳይ የሚመከረው በዱቡሻ ነው፤ ዱቡሻ ገላጣ ሜዳ በመሆኑ ተናጋሪና ሰሚ ይተያያሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች ርጥብ ሣር ይዘው፣ በአርባ ምንጭ ተንበርክከው፣ በቡራዩው ግድያ የተቆጣውን ወጣት የመለሱት በዚሁ የአደባባይ ሥርዓት ነበር። ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ ስልክ የሚደውል ሰው ግን ሰሚው ማን እንደሆነ አያይም። እዚህ ላይ የምንመለከተው ለዚያ ለማይታየው ሰሚ በር የከፈቱትን ሕጎች ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ የአስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በቀር፣ በመጻጻፍ ላይ ሳንሱር እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር። የ1987ቱም በአንቀጽ 26 ጥበቃውን እስከ ስልክና ኤሌክትሮኒክ መገናኛ አደረሰው። ይሁን እንጂ የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 14 ለብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት በፍርድ ቤት ፈቃድ የመጥለፍ ሥልጣን ሲሰጥ፣ ማንኛውም የመገናኛ አገልግሎት ሰጪ እንዲተባበር አስገደደ። ማንኛውም ይባል እንጂ በዚያን ጊዜ የነበረው አንድ ብቻ፣ እርሱም የመንግሥት ነበር። ንብረት ከባለቤቱ ጋር በምን አፉ ይከራከራል?

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየው መዝገብ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቀመጥ አዘዘ። አዋጁ ሲወጣ፣ ነገሩ አስቸኳይ ሲሆን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ጠለፋ ሊፈቅድ ይችል ነበር፤ ምክንያቱንም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ታዝዞ ነበር። እንዲህ ያለው መዝገብ ለመርማሪ እንደሚጠቅም ሁሉ ሌባንም ይጠራል። የስለላ ሶፍትዌር ነጋዴው የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም በ2007 ዓ.ም. ክረምት ራሱ ተዘርፎ፣ ከኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር የተጻጻፈው ሳይቀር ለዓለም ተበትኗል።

ለሙያ ባልደረቦቻችን ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በታሰሩት የዞን 9 ጸሐፊዎች ላይ ለቀረበው የሽብር ክስ አንዱ መነሻ፣ መልእክትን በምስጢር መቆለፍን መሠልጠናቸው ነበር። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ፣ የኮምፒዩተር ተማሪ ለፈተና የሚያጠናው ጉዳይ በችሎት የክስ ፍሬ ሆነ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ቢያወጣቸውም፣ እስሩ ከ1 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር።

አዋጅ 652 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሽሯል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ሕግ የሚያዝዘው አገልግሎት ሰጪ ሁለት ሆነ። ከባለድርሻዎቹ ጀርባ ያለው ቮዳፎን መንግሥታት ስለሚያቀርቡለት የጠለፋ ጥያቄ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየአገሩ ለይቶ መግለጫ ያወጣ ኩባንያ ነው።