የመሪ ሾክ አብዞርበር

የመሪ ሾክ አብዞርበር ጎማ ከመንገድ የሚቀበለው ምትና ንዝረት ወደ መሪ እንዳይተላለፍ የሚያለዝብ፣ በዘይት የሚሠራ የተሽከርካሪ ክፍል ነው። አንድ ጫፉ ከሻንሲ ወይም ከፊት አክስል፣ ሌላው ከመሪ ዘንግ ጋር ይታሰራል። ሲገፋም ሲሳብም እኩል ይቋቋማል፤ የተለመደው ዓይነት መሪን ወደ መሃል አይመልስም።

የሚገኝባቸው ተሽከርካሪዎች
በቀድሞው ቮልስዋገን ኮምቢና ወጥ የፊት አክስል ባለው ላንድክሩዘር 70 ላይ ይገኛል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው ቶዮታ ሃይስ ግን በሌላ የመሪ ሥርዓት ስለሚሠራ ይህ ዕቃ የለውም።

ከመቀየር በፊት
እንደ ከፋ ዞን ባለ ዝናባማ አካባቢ ከአስፋልቱ ወደ ገጠር የሚገነጠሉት መንገዶች በአብዛኛው ጠጠርና አፈር ስለሆኑ ጭቃ ቸርኬ ውስጥ ይጠራቀማል። ቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻውን የጎማውን ባላንስ አዛብቶ መሪን ሊያንቀጠቅጥ ስለሚችል ቀድሞ መታጠብ አለበት። ቀጥሎ የታይሮድ መጋጠሚያ፣ የጎማ ኩሽኔታና ባላንስ ይመረመራሉ። እነዚህ ካረጁ አዲስ ሾክ አብዞርበር ጉድለቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም።

አመራረጥ
ዘይት ያንጠባጠበ፣ ዘንጉ የተጣመመ ወይም በእጅ ሲገፋና ሲሳብ መሃል ላይ ባዶ የሚሄድ ሾክ አብዞርበር መቀየር አለበት። ተተኪው በሻንሲ ቁጥር ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ሦስት ነገሮች ይለካሉ፦ ተዘግቶ ያለው ርዝመት፣ ተዘርግቶ ያለው ርዝመት፣ የማሰሪያው ዓይነትና ውፍረት። መሪ እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዞር ሾክ አብዞርበሩ ቀድሞ ጥግ መድረስ የለበትም፤ ከደረሰ ራሱን ወይም ማሰሪያውን ይሰብራል። እጅግ ጠንካራው መሪን ያከብዳል፣ ከመታጠፊያ በኋላም መመለሱን ያዘገያል። ከፍተኛ የጋዝ ግፊት ያለው ደግሞ ዘንጉን ወደ ውጭ ስለሚገፋ መሪን ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል። ለባሌስትራ የተሠራ ተራ ሾክ አብዞርበር ምትክ አይሆንም፤ አግድም ሲተኛ አየር ወደ ቫልቩ ይገባበታልና።

መግጠም
ጎሚኒዎቹ አብረው ይቀየራሉ። ዳዶዎቹ ከጠበቁ በኋላ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ዞሮ ሾክ አብዞርበሩ ምንም አለመንካቱ ይረጋገጣል። በምርጫው ከአምራች ስም ይልቅ ልክ ይቀድማል።